ከእስቴ የታዘዘ በገና

በገናውን የሰበረችው ጥጃ ናት። ሰው ሲጠይቀኝ «ተሰበረ» ብዬ ብቻ ነበር የማልፈው፤ ጥጃ ናት ካልኩ ሰው ይስቃል፣ ያን ሰሞን ደግሞ በቤታችን ለሳቅ የሚሆን ፊት አልነበረም። ያኔ በታች ጋይንት እንደማንኛውም ቤት የኛም ከብት ከሰው ጋር ያድር ነበር፤ በአንድ ወገን ጋጣ፣ በሌላው ወገን መደብ፣ በመሃል እንደ ነገሩ የቆመ የእንጨት አጥር። አንድ ማለዳ ጥጃዋ ገመዷን በጥሳ ወደ እናቷ ጡት ስትሮጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን በገና መንገዷ ላይ አገኘችው። ገበቴው፣ ማለትም ድምፁ የሚወጣበት የተፈለፈለው ሆዱ፣ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ምሰሶ ከወገቡ ተቀነጠሰ። ገመዱን ማታ ያሰረው ባለቤቴ ራሱ ነበርና የሚቆጣው ሰው አጣ። ጥጃዋን እንኳ አልመታትም። ስብርባሪውን በአሮጌ ነጠላ ቋጥሮ ቆጡ ላይ ሰቀለና በሬዎቹን ይዞ ወጣ።

ባለቤቴን ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው። እዚህ ግን እሱ እያልኩ እጽፋለሁ። ከሞተ ቆይቷል፤ አይቀየምም። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔ ያኔ ማንበብም መጻፍም አልችልም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት መንግሥት ተለውጦ አሮጊቱን ሁሉ ሰሌዳ ፊት ባስቀመጡ ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በጭንቅላቴ ከያዝኩት ነው፣ የያዝኩት ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ሲድሩኝ አልጠየቁኝም። እሱንም የጠየቁት አይመስለኝም። በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። ልጅነቱን እዚያው ጋይንት በቤተ ልሔም ደብር ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ሲማር አሳልፎ፣ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እርሻው የተመለሰ ሰው ነው። ቄስ አልሆነም፣ ደብተራም አልተባለም፤ ከዚያ ሁሉ የቀረው አጎቱ ያወረሱት በገና ብቻ ነበር። ሌላው ሰው በገና የሚያነሳው ሁዳዴ ሲገባ ነው። የኔው ግን ዓመት እስከ ዓመት፣ እራቱን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ፣ ቀጥሎ የሚይዘው እሱኑ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እሱ፣ እኔና በገናው። ከሦስታችን የሚያወሩት ሁለቱ ነበሩ፣ እርስ በርሳቸው። ሞትን ያነጋግረዋል፣ መቃብርን ያነጋግረዋል፣ ከንቱ ዓለምን ስሟን እየጠራ ይወቅሳታል፤ እኔን ግን ጨው አለቀ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም። አይሰድበኝም፣ አይመታኝም። ጎረቤቶቼ «ታድለሽ» ይሉኝ ነበር። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ዝም የሚል ባል ማግኘት እውነትም መታደል ነበርና አልተከራከርኳቸውም።

በገና የሚሠራ በጋይንትም አልጠፋም ነበር። እሱ ግን የአጎቱን በገና የሠሩት ሰው በሕይወት መኖራቸውን ሰምቶ ከእሳቸው በቀር በማንም አላሠራም አለ። ሰውየው እስቴ ነው ያሉት። ስንቁን ይዞ በስማዳ በኩል ወረደ፤ ወገዳ ዘመድ ቤት አድሮ፣ በማግስቱ እስቴ ገብቶ፣ ወሬውን ሁሉ ይዞ ተመለሰ። ሽማግሌው አስቀምጠው ክንዱን በሸምበቆ ለክተውታል። ከጉልበቱ እስከ አገጩ ለክተውታል። እሱም ገበቴው ከቀድሞው ሰፋ፣ ጠለቅ እንዲልለት፣ ድምፁ ወፍራም እንዲሆንለት አዝዟል። ዋጋው አንዲት ጊደር ነበረች፤ እሷንም እየነዳ ወስዶ አስረክቦ ነው የመጣ።

«መቼ ይደርሳል አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ለሁዳዴ።»

የትኛው ሁዳዴ እንደሆነ አልጠየቃቸውም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የባሱ ነበሩ። በገናው ሳለ ዝምታው ቢያንስ ድምፅ ነበረው። አሁን እራቱን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በገናው ይደገፍበት የነበረውን ግድግዳ እያየ ይቀመጣል። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንዳንዴ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። እኔ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ የተጠረገውን መልሼ እጠርጋለሁ። ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲሆን ማየት ያናድዳል፤ ተናደድኩ። አርብ በመጣ ቁጥር «ሂዱና ጠይቁ እንጂ! አንድ የእስቴ ሰው ከገበያ አይጠፋም» እያልኩ ወደ አርብ ገበያ የምገፋው እኔ ነበርኩ። ገብስ ለመሸጥ ይመስል አህያ ይጭናል፤ ገበያው ውስጥ ግን የሚፈልገው ከወዲያ የመጣ ሰው ነው። አንዳንዴ ገብሱን ሳይሸጥ ይመለሳል። «ዋንዛው ተቆርጧል አሉ» ይለኛል። ይቺ ለሳምንቱ ትበቃዋለች።

አንድ ምሽት ምስር ስለቅም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰፌዱን ወደ ራሱ ትንሽ ሳብ አድርጎ ጠጠር መልቀም ጀመረ። ወንድ ልጅ ምስር ለቀመ ቢባል አገር ይስቅበታል፤ እኔም ደነገጥኩ፤ ግን እጁ ሥራ አጥቶ ስንት ወር ሲሰቃይ አይቻለሁና አልከለከልኩትም። ከደጅ ሰው ባሳለ ቁጥር እጁን ያነሳል። ሰውየው ሲያልፍ መልሶ ይለቅማል። እንዲህ ሆነን ጥቂት ቆይተን፣ ሳልጠይቀው፣ ዓይኑን ከሰፌዱ ሳያነሳ፣

«ቤተ ልሔም ሳለሁ» አለ።

ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። እሱና አንድ ጓደኛው ርቧቸው ለምዳቸውን ለብሰው ለልመና ይወጣሉ። ሰርግ ቤት ይደርሱና ከአኮፋዳቸው የሚተርፍ እንጀራ ይሰጣቸዋል። ሌሎቹ ተማሪዎች እንዳይካፈሏቸው ብለው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከመቃብር መሃል ተቀምጠው ይበላሉ፣ እዚያው እንቅልፍ ይጥላቸዋል፣ ትምህርቱ ያልፋቸዋል። የኔታ ሲያስጠሯቸው ባለቤቴ ያልጨረሰው ጉርሻ ጉንጩ ውስጥ ነበር። «ቀጽል» ይሉታል፤ ዜማውን ቀጥል ማለታቸው ነው። ከነጉርሻው ጀመረ። የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው፣ ግን ዜማው ውስጥ እንጀራ መኖሩን ሰምተዋል።

ሳቅኩ። በዚያ ቤት ጮክ ብዬ የሳቅኩት ያኔ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። እሱ ደንግጦ መጀመሪያ በሩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። በማግስቱ ምስር ባልነበረበት ምሽት «የሚለቀም የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። ባቄላ አወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ አወራ። እንዲህ ያለ አፍ የት ተደብቆ እንደነበር አላውቅም። ነጎድጓድ እንደሚፈራ ነገረኝ፤ ሲያርስ ደመና ከጠቆረ በሬዎቹን የሚፈታው ለበሬዎቹ አዝኖ እንዳልሆነ ነገረኝ። ድጓውን ሲያቋርጥ የኔታ ሳይመርቁት እንደቀሩ፣ ያም እስከ ዛሬ እንደሚቆጨው ነገረኝ። ከሰርጋችን በፊት አርብ ገበያ አይቶኝ እንደነበር፣ ያያት ግን እኔን ሳይሆን እህቴን እንደሆነ የገባው የሙሽራ ዓይነ ርግቤ ሲገለጥ መሆኑን ነገረኝ።

«ታዲያ ምን አሉ?» አልኩት።

«ምን እላለሁ? ሚዜዎቹ ቆመዋል።»

ይህን ሲለኝ መቆጣት ነበረብኝ። በሳቅ ሆዴን ያዝኩ። እህቴ እንኳንም ቀረችበት፣ እሷ ዝም የሚልን ሰው አንድ ሳምንት አትችልም።

አንድ ቀን ደግሞ የራሱን ጨርሶ «አንቺስ?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ አባቴም፣ እናቴም፣ የነፍስ አባቴም። ከዚያ ለማንም ያላልኩትን አልኩት። ስዳር ልጠፋ አስቤ እንደነበር፣ ለመንገዴ የሚሆን ቆሎ በቀሚሴ ቋጥሬ እንደመጣሁ፣ ግን አማቶቼ ፊት መብላት አፍሬ ስራብ ያን ቆሎ በጓዳ ተደብቄ እንደጨረስኩት። «ስንቄ አለቀ፣ ቀረሁ» አልኩት። የቤቱን ምሰሶ ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ቆሎው ባያልቅ ኖሮ!» እያለ ሌላ ቀንም እያነሳ ይስቅ ነበር።

ልጆቻችን ሁሉ የተወለዱት ከዚያ ዘመን በኋላ ነው። አባታችን ዝምተኛ ነበር ይላሉ፣ ለልጆቻቸውም እንዲያ ብለው ያወራሉ። አልከራከራቸውም። እነሱ የሚያውቁት ሰው እውነትም ዝምተኛ ነበር።

ከእስቴ ወሬ መምጣቱን አላቋረጠም። ገበቴው ተፈለፈለ። ገበቴው እንዲደርቅ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ወጣ። እንዲህ ሲባል አንድ ሁዳዴ አለፈ። ከዚያ አንድ አርብ ከገበያ ተመልሶ ጭነቱን ሳያራግፍ ደጅ ላይ ቆሞ «ገበቴው ተሰነጠቀ» አለ። «ሌላ ዋንዛ ይቆረጣል፤ እሱም መድረቅ አለበት።» ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነበር። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩለት፣ እግዜር ያውቃል አልኩት፣ አህያዋን ተቀብዬ አስገባሁ። ጓዳ ስገባ ግን ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ራሴን አስደንግጦኝ ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። እሱ በሐዘን ላይ ስለነበር ሳያውቅ በላው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሂዱና ጠይቁ ማለቴን ተውኩ።

ሁለተኛው ገበቴ አልተሰነጠቀም። ምሰሶዎቹ ቆሙ፣ ከላይ ቀንበሩ ተጋደመ። የቀረው ቆዳውና አውታሩ ነው ተባለ። ቆዳው ከሠሪው ዘንድ አለ፤ አውታሩ የሚሆነውን የበግ አንጀት ግን ባለ በገናው ራሱ እንዲያመጣ ነው ደንባቸው። ባለቤቴ ለቅበላ በግ አረደ። አንጀቱን በችኮላ ራሱ አጥቦ፣ ራሱ ገምዶ፣ በቅጠል ጠቅልሎ ለበገናው ስንቅ ያዘና ገሰገሰ። ወገዳ አድሮ እስቴ የደረሰው ሰኞ ነው። ሲመለስ የሆነውን ተነስቶ ቆሞ፣ የሽማግሌውን ድምፅ እያስመሰለ አሳየኝ።

«ይኸ ምንድር ነው?» ይላሉ ሽማግሌው፣ ቅጠሉን በእንጨት ገለጥ አድርገው።

«አንጀት ነው፣ አባቴ። ለአውታሩ።»

«የምን አንጀት?»

«የበግ ነዋ።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድር ነው?»

«ሰኞ።»

«የምን ሰኞ?»

«የሁዳዴ…»

«አንተ ደግሞ ድጓ ቤት ዋልሁ ትላለህ! በሁዳዴ መጀመሪያ ቀን አንጀት ተሸክመህ ደጄ ድረስ ትመጣ?»

«አባቴ፣ ይንኩት እንጂ ይብሉት አላልሁም።»

«የሚገደፈው በአፍ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? ጣቴም ይጾማል!»

ባለቤቴ የራሱን ጣት ወደ ሰማይ ቀስሮ «ጣቴም ይጾማል!» እያለ ቤቱን ዞረው። በሳቅ ተንከባለልን። በመጨረሻ እሱ መሳቁን አቆመና «እኔ እንዴት አላሰብሁትም?» አለ። እውነቱን ነው። ቅበላን አስታውሶ በግ ያረደ ሰው፣ ሐሙስን አርብን እየቆጠረ ለሁዳዴ አደርሰዋለሁ ብሎ የሮጠ ሰው፣ የሠሪው እጅ የሚጾም መሆኑን አላሰበም። በገና የሚፈለገው ለጾም ነው፤ በጾም ግን አይሠራም።

ታዲያ ከፋሲካ በኋላ ለምን አይሠሩልዎትም ብዬ ጠየቅሁት። ማወቅ ፈልጌ ነው፣ ማወቁም ደስ የሚል ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌው እርሻ አላቸው። እርሻው ሳያልቅ የሰኔ ጾም ይገባል። ክረምት ሲሆን ቆዳም አንጀትም አይደርቅም፣ ይሸታል። ከዚያ ፍልሰታ፣ እሷ ከባድ ናት። መስከረም ጥቅምት አዝመራው ሳይታጨድ ማንም ሰው በገና አይሠራም። ኅዳር ሲጋመስ የነቢያት ጾም ይገባል። ረቡዕና አርብ እንኳ ጣታቸው ይጾማል። በየወሩ ያሉት በዓላት፣ ሚካኤሉ፣ ማርያሟ፣ ባለ ወልዱ፣ የሥራ ቀን አይደሉም። ከገና እስከ ቅበላ አንዲት ጠባብ ጊዜ አለች፤ እሷም የሰርግ ወቅት ናት፣ ሽማግሌው ደግሞ አፈኛ ስለሆኑ ያለ እሳቸው ሰርግ አይሞቅም። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እንደተበደለ ሰው ነው። እኔ በልቤ ሽማግሌውን ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ ነበር።

ያ ዓመት ከሁሉም የሚበልጥ ዓመት ነበር። በክረምቱ ነጎድጓድ ሲጮህ አጠገቤ መጥቶ ይቀመጥና ወሬ ያበዛል፤ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማወቄንም ያውቃል። ውኃ ስወርድ ሴቶቹ «ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ወዛ» ይሉኝ ነበር። ባሌ ያወራኛል ብዬ ብነግራቸው ምን ይገባቸዋል?

ገና ሲደርስ በግ ታረደ። «በዚህስ አንሳሳትም» አለ። «አውታሩን አንቺ ሥሪው። እኔ የገመድሁትን ሽማግሌው ቋጠሮ ብቻ ነው ብለው በእንጨት ለውሻ ጣሉት።»

አንጀቱን ወንዝ ወርጄ አጠብኩት። በቢላ ጀርባ ፋቅሁት፣ ገለበጥኩት፣ ደግሜ ፋቅሁት፣ እንደ ነጭ ክር እስኪጠራ። በሁለት ካስማ መካከል ወጥሬ፣ ወፍራሙን ለብቻ፣ ቀጭኑን ለብቻ፣ እያከረርኩ በጥላ አደረቅሁት። ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ለማሰብ ይመቻል፤ አሰብኩበትም። አንዱን አላልቼ ብተወው፣ መሃሉ ላይ ሊታይ የማይችል መሳሳት ብተውበት፣ ሲወጠር ይበጠሳል። ሲበጠስ ጾም ይገባል። ጾም ሲገባ ጣት ይጾማል። አንድ ዓመት ሙሉ በእጄ ውስጥ ነበር። ግን የእጄን ሥራ ያ ሽማግሌ በእንጨት ገለጥ አድርጎ ቋጠሮ ነው እንዲለው አልፈለግሁም። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አጥብቄ አከረርኩት።

ወገዳ ዘመድ ይድር ስለነበር አብሬው ወረድሁ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ከቤት እስከ ወገዳ፣ ከሰርጉ በኋላም ከወገዳ እስከ እስቴ፣ መንገዱን ሙሉ አወራ። ገደሉ ላይ ስንደርስ እንኳ ዞሮ ወደ ኋላ እያየ ሲያወራ እንዳይወድቅ እፈራ ነበር። «ፊትዎን አይተው ይሂዱ እንጂ» እለዋለሁ። ይስቃል።

ሽማግሌው ትንሽ፣ ደረቅ፣ እጃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። አውታሩን በጣታቸው እየሳቡ አንድ በአንድ አዩት። ጥርሳቸው ላይ አድርገው ነከስ ሊያደርጉት አሉና ትዝ ሲላቸው ከጣታቸውም ጣሉት፤ ቀኑ ረቡዕ ነበር።

«ማን ነው ያከረረው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። ይኸ ዕድሜ ልኩን አይበጠስ።»

አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ቆዳው እርጥብ ሆኖ ተለበጠ፣ ደረቀ። ሥራው ሲጋመስ ነነዌ መሃል ገብታ አስቆመችን፤ እስክትወጣ እዚያው ሰነበትን። ሽማግሌው ሥራ ሲፈቱ ከማለዳ እስከ ማታ ያወራሉ፤ ስለ ዋንዛ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ሞቱ ሰዎች በገና። ሚስታቸው እህል ሲያበጥሩ እረዳቸው ነበርና ወደ ባሎቻችን እያዩ «የራሳቸው በገና የላቸውም እኮ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ስንት ሰው ሲያዝዛቸው ዕድሜያቸው አለቀ። ያንቺስ ሲያገኘው አርፎ ይቀመጣል። የኔውን ምን ዝም ያሰኝልኝ?»

«እኔ ዝም እንዲል አልፈልግም» አልኳቸው።

ሴትየዋ ሰፌዱን አቁመው አዩኝ። ሙሽራ መሆኔን ጠየቁኝ። ዓመታት አልፈውናል አልኳቸው።

ነነዌ ወጥታ ዐሥሩ አውታር ተወጠረ። ሽማግሌው እንዚራዎቹን፣ በአውታሩ ሥር የሚገቡትን ትንንሽ ቁርጥራጭ ቆዳዎች፣ አንድ በአንድ እያስገቡ፣ እያወጡ፣ እያስገቡ፣ ድምፁን አስነሡት። ወፍራም ነበር፤ ባለቤቴ ያዘዘውን ነበር። ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ባለቤቴ ተቀብሎ አቅፎ አንድ ጊዜ መታው፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ፊቱን ነበር የማየው። ያን ፊት ሳላየው ዓመታት አልፈዋል፤ ግን አልረሳሁትም ነበር።

ስንመለስ በጋቢ ጠቅልሎ በጀርባው ተሸከመው። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከትከሻው በላይ ሁለቱ ምሰሶዎችና ቀንበሩ ይታዩኛል፣ ራሱን ይሸፍኑታል። እስከ ወገዳ አልዞረም። ሸክሙ ከባድ ነው፣ መንገዱ ክፉ ነው፣ ቢወድቅ በገናው ይሰበራል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ከወገዳ በኋላ መንገዱ ሜዳ ሲሆንም አልዞረም።

ሁዳዴ ገባ። በመጀመሪያው ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ በገናው ስንት ዘመን ሲጠበቅ እንደኖረ አገር ያውቃል። ባለቤቴ ደረደረ። መዋሸት አልፈልግም፤ ከቀድሞው ይበልጥ ነበር። ሰዉ አለቀሰ። አንድ የደብራችን ቄስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተንሰቀሰቁ። እኔ አላለቀስኩም፤ ሰዉ እስኪወጣ ነበር የምጠብቅ። ሰዉ ወጣ። ባለቤቴ በገናውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ጥጃዎቹ በደንብ መታሰራቸውን አይቶ፣ ተኛ።

በማግስቱም እንዲያው። በሦስተኛው ቀንም። እራቱን ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ቀጥሎ የሚይዘው እሱኑ ነው። መቼም አዲስ ነገር ነው፣ ናፍቆት ነው፣ ይወጣለታል እያልኩ ታገስኩ። ጾሙ ተጋመሰ፣ ደብረ ዘይት ደረሰ። ያን ምሽት አንዱን መዝሙር ጨርሶ ሌላውን ሊጀምር አውታሩን ሲያጠብቅ፣

«አንቱ» አልኩት።

«ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም። ድሮ ያወሩኝ ነበር።»

«መቼ?»

«አምና። ካቻምና። በየምሽቱ።»

እጁን ከመቃኛው ላይ አላነሳም፣ ግን አሰበ። ከልቡ አሰበ፤ ሲያስታውሰው ፊቱ ላይ አየሁት፣ ፈገግ እንኳ አለ። ከዚያ ለሕፃን ልጅ ግልጽ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እሱማ በገና ስላልነበረኝ ነው እኮ» አለኝና ጎንበስ ብሎ አውታሩን መታው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ያለውን ነው የነገረኝ። ለካ እሱ ያን ዘመን ሁሉ ሲጠብቅ ነበር። እኔ የተጋባን መስሎኝ ነበር።